የቤት ስልክ ርካሹን መስመር ራሱ እንዲመርጥ ማዘጋጀት

ጎንደር ውስጥ ሦስት የስልክ መስመር ያለበት ቤት ማግኘት እንግዳ ነገር አይደለም። በሳሎኑ ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው መደበኛ ስልክ አለ፤ በ09 የሚጀምረው የኢትዮ ቴሌኮም ሲም አለ፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 አገልግሎቱን በይፋ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ በ07 የሚጀምረው ተጨምሯል። የሦስቱም ዋጋ ይለያያል፤ ጥቅሎቻቸውም እንዲሁ። ቤት የሚውሉት አዛውንት ግን ይህን ሁሉ አስልተው አይደውሉም፤ እጃቸው የለመደውን ስልክ አንስተው ይደውላሉ። በዚህ የተነሳ ልጅ የገዛላቸው የወር ጥቅል ሳይነካ ጊዜው ያልፍበታል፤ በሌላው መስመር ደግሞ ሂሳቡ በሙሉ ዋጋ ይቆረጣል።

አዛውንቱን የታሪፍ ሠንጠረዥ ማስጠናት መፍትሔ አይሆንም። መፍትሔው በስልኩና በመስመሮቹ መካከል አንድ ሳጥን አስገብቶ፣ ሳጥኑ የተደወለውን ቁጥር መነሻ እያየ ርካሹን መስመር እንዲመርጥ ማድረግ ነው። እናት እንደ ወትሯቸው እጀታውን አንስተው ቁጥራቸውን ይደውላሉ፤ ምርጫው የሳጥኑ ነው። ሥራው ሁሉ ካለቀ በኋላ የሚደውለው ሰው አንድም አዲስ ነገር ለመማር ከተገደደ ሥራው ገና አላለቀም ማለት ነው። ከዚህ በታች ያሉትን ምክሮች በሙሉ የለካሁት በዚህ ነው።

ሳጥኑና ሕጉ

ዕቃው በሻጮች ዘንድ ጌትዌይ ይባላል። ቢያንስ ሁለት የሲም ማስገቢያ፣ የቤቱ ስልክ የሚሰካበት አንድ ቀዳዳ እና ከግድግዳው የሚመጣው መስመር የሚሰካበት ሌላ ቀዳዳ ያለውን ይምረጡ። የመስመር ቀዳዳ የሌለው ሳጥን በዋጋ ይቀንሳል፤ መደበኛውን ስልክ ግን ጨርሶ ከጥቅም ውጭ ያደርገዋል። በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ «የቁጥር መነሻን አይቶ መስመር ይመርጣል» የሚል ትርጉም ያለው ገጽ መኖሩንም ያረጋግጡ። ይህ ከሌለው ሁለት ሲም መያዙ ብቻ አይጠቅምም።

ሻጩን «መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል?» ብለው ይጠይቁት። በመዳብ ሽቦ የሚሠራ መደበኛ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከስልክ ጣቢያው ነው፤ 48 ቮልት ገደማ በዚያው በመስመሩ ይመጣለታል። ሰፈሩ ሁሉ ጨልሞ ገመድ ያለው ስልክ የሚሠራው ለዚህ ነው። ሳጥን በመካከል ሲገባ ይህ ጥቅም ሊቀር ይችላል። ጥሩ ሳጥን ሪሌይ የሚባል ትንሽ መቀያየሪያ አለው፤ ኃይል ሲቋረጥ ስልኩን በቀጥታ ከግድግዳው መስመር ጋር ያገናኘዋል። መኖሩን ለማወቅ የሳጥኑን የኃይል ገመድ ይንቀሉት። «ቀጭ» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ ወዲያው እጀታውን ቢያነሱ የመደበኛው መስመር ድምፅ ይመጣል። ይህን ያላየሁበትን ሳጥን ታማሚ ወይም አዛውንት ባለበት ቤት እንዲገባ አልመክርም።

ከመግዛት በፊት ሕጉን ማወቅ የግድ ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያን ያለ ፈቃድ ማስገባትን፣ መሸጥንና መጠቀምን፣ ጥሪንም ከሕጋዊው መንገድ ውጭ ማሳለፍን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። ዘርፉን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ስለዚህ ሳጥኑ የባለስልጣኑን ማረጋገጫ ያገኘ ዓይነት መሆኑን ሻጩ በወረቀት ያሳይዎት፤ ማሳየት ካልቻለ አይግዙ። ሲም ቦክስ እየተባለ የሚታወቀው ወንጀል ከውጭ አገር የመጣን ጥሪ በኢንተርኔት ተቀብሎ የአገር ውስጥ ጥሪ አስመስሎ በሲም ማሳለፍ ነው። የእኛ ሥራ ከዚህ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም፤ ልዩነቱም ግልጽ ሆኖ መታየት አለበት። ሲሞቹ በራስዎ ስም የተመዘገቡ ይሁኑ፤ የሚደወለው ከራስዎ ቤት ለራስዎ ጉዳይ ብቻ ይሁን፤ ለጎረቤት እያስከፈሉ አያስደውሉ፤ ሳጥኑንም ከኢንተርኔት ጋር አያገናኙት። ለምናደርገው ነገር ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ከደብተር መጀመር

ብዙ ሰው ሳጥኑን ገዝቶ ካመጣ በኋላ ነው የትኛው መስመር ርካሽ እንደሆነ የሚጠይቀው። መቅደም ያለበት ግን ደብተሩ ነው። ለአንድ ወር ከስልኩ አጠገብ ደብተርና እርሳስ ይቀመጥ፤ የደወለ ሁሉ የት እንደደወለና ስንት ደቂቃ እንዳወራ በግምት ይጻፍ። ስም አያስፈልግም፤ የቁጥሩ የመጀመሪያ አምስት አኃዝና ደቂቃው ይበቃል። ወሩ ሲያልቅ በአምስት ምድብ ይደምሩት፦ የጎንደር መደበኛ ስልክ፣ የሌላ ከተማ መደበኛ ስልክ፣ 09፣ 07 እና ውጭ አገር።

ድምሩ ብዙውን ጊዜ ቤተሰቡ ከገመተው የተለየ ሆኖ ይገኛል። «እኛ የምንደውለው አዲስ አበባ ነው» የሚል ቤት አብዛኛውን ደቂቃ እዚሁ ጎንደር ከፒያሳ እስከ ማራኪ፣ ከአዘዞ እስከ ጠዳ ባሉ ዘመዶች ላይ እያዋለ ሊሆን ይችላል፤ ያውም ሁሉም የተንቀሳቃሽ ስልክ ነው።

ቀጥሎ ስሌቱ ይመጣል። እዚህ ላይ የምጠቀምባቸው ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት የወሰድኳቸው ናቸው፤ የዕለቱን ታሪፍ ከኩባንያዎቹ ይጠይቁ። አንድ ጥቅል 100 ብር ሆኖ 200 ደቂቃ ይሰጣል እንበል። ደቂቃው 50 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ያለ ጥቅል ደግሞ ደቂቃው 90 ሳንቲም ይሁን። ጥቅሉ ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ቤቱ በዚያ መስመር በወር የሚያወራው 80 ደቂቃ ብቻ ከሆነ ለእያንዳንዱ ደቂቃ የከፈለው 1 ብር ከ25 ሳንቲም ነው፤ ያለ ጥቅል ቢደውል ግን 72 ብር ብቻ ያወጣ ነበር። ጥቅሉ ማትረፍ የሚጀምረው በወር ከ111 ደቂቃ በላይ ለሚያወራ ቤት ነው፤ ይህም 100ን ለ0.90 ሲያካፍሉ የሚገኘው ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ይህን አንዷን ማካፈል ይሥሩ። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የመስመር መምረጫ ሕግ ከዚህች ስሌት ይወጣል፤ በግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ማስታወቂያ አይወጣም።

ሁለት ጥያቄዎችን ለኩባንያው ሳያቀርቡ ስሌቱን አይዝጉት። ጥቅሉ የሚሠራው ወደ ራሱ ኔትወርክ ብቻ ነው ወይስ ወደ ሁሉም? ቆጠራውስ በሰከንድ ነው ወይስ በደቂቃ? በደቂቃ የሚቆጠር ከሆነ 70 ሰከንድ የፈጀች «ደረሳችሁ ወይ?» የምትል ጥሪ ሁለት ደቂቃ ትበላለች። የእኛ ቤቶች ጥሪ ደግሞ አብዛኛው እንዲህ አጭር ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለስን፣ ቅዳሜ ገበያ መውጣትን፣ የአውቶቡስ መድረስን መጠየቅ። ለእንዲህ ያለ ቤት የሰከንድ ቆጠራ ከታሪፉ ማነስ ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

ከድምሩ በኋላ በሁሉም መስመር የሚተርፈው ገንዘብ የሳጥኑን ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ የማይመልስ ከሆነ ሳጥኑን ይተዉት። ለእርስዎ የሚሆነውን ከታች ጽፌዋለሁ።

ቁጥሮቹን ማጽዳት

ሳጥኑ የሚያውቀው አኃዝ ብቻ ስለሆነ የቤቱ የቁጥር ደብተር አንድ ዓይነት አጻጻፍ ሊኖረው ይገባል። የአገር ውስጥ ቁጥር ሁሉ ከዜሮው ጋር 10 አኃዝ ሆኖ ይጻፍ። በ251 የተጀመረ ካለ 251ን አንስተው በቦታው 0 ያስገቡ። በአሮጌ ደብተር ላይ ባለ 6 አኃዝ ቁጥር ካገኙ ከ1998 በፊት የተጻፈ ነው፤ በዚያ ዓመት መጀመሪያ ቁጥሮቹ ወደ 7 አኃዝ አድገው የአካባቢ ኮዶቹም ሦስት አኃዝ ሆነዋል። እነዚያን ከባለቤቶቹ ጠይቀው ያድሱ።

058ን በጥንቃቄ ይያዙት። ብዙዎቻችን የጎንደር ኮድ እንለዋለን፤ ግን ባሕር ዳርም፣ ደብረ ታቦርም፣ ደብረ ማርቆስም በዚሁ ሥር ናቸው። ከተማው የሚለየው በሚቀጥሉት አኃዞች ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቁጥር 058 114 ብሎ ይጀምራል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ 058 220። ለከተማ ውስጥና ለከተማ ውጭ ጥሪ የተለያየ ዋጋ የሚከፍሉ ከሆነ ሕጉን በ058 ብቻ ማቆም አይበቃም፤ 05811 ድረስ መሄድ ያስፈልጋል።

መግጠም

ሳጥኑን በመስኮት አጠገብ ያስቀምጡት። የጎንደር መሬት ኮረብታና ሸለቆ ስለሆነ በአንዱ ግድግዳ በኩል ጥሩ የሆነ ሲግናል በሌላው በኩል ሊደክም ይችላል። ሲሞቹን ከማስገባትዎ በፊት በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ አድርገው የመክፈቻ ምስጢር ቁጥራቸውን ያጥፉት፤ ካልሆነ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሳጥኑ ሲሙን መክፈት አቅቶት ይቆማል።

ከዚያ ገመዶቹን ይሰኩ። ከግድግዳ የመጣው «መስመር» ወደሚለው፣ የቤቱ ስልክ «ስልክ» ወደሚለው። ሁለቱ ቀዳዳዎች ቅርጻቸው አንድ ስለሆነ መቀያየር ቀላል ነው፤ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። የግድግዳው መስመር ለስልክ በተሠራው ቀዳዳ ከተሰካ የሁለት ወገን ኃይል ይገናኝና ሳጥኑን ሊያቃጥል ይችላል። ሰክተው ኃይል ከመልቀቅዎ በፊት አንድ ጊዜ ደግመው ይዩት። የሚቻል ከሆነ ሳጥኑ በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ወይም በስታብላይዘር (የኃይል መዋዠቅን የሚያረጋጋ መሣሪያ) በኩል ይሰካ።

ወደ ማዘጋጃው የሚገባው በኮምፒውተር ነው። ሳጥኑን በኔትወርክ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ያገናኙ፤ በሳጥኑ ሆድ ላይ የተለጠፈውን አድራሻ በብራውዘር ይጻፉ። መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር የይለፍ ቃሉን መለወጥ ይሁን። ከፋብሪካው የመጣውን ቃል ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። አንዳንድ መሣሪያ በስልኩ ቁልፎችም ይዘጋጃል፤ ከኢንተርኔት ስልክ አዳፕተሮች መካከል ግራንድስትሪም በሚባለው ኩባንያ ሥሪት ላይ ሦስት ጊዜ፣ በሊንክሲስ ሥሪት ላይ አራት ጊዜ ኮከብ ሲጫኑ የድምፅ ማውጫ ይከፈታል። ለአንድ ሁለት ማስተካከያ ይበቃል፤ ሙሉ ሠንጠረዥ ለመሥራት ግን ኮምፒውተር ይሻላል።

የመስመር ሠንጠረዡ

የሥራው እምብርት ይህ ነው፤ ጊዜ ይስጡት። እያንዳንዱ ሕግ ሦስት ነገር ይዟል፦ ቁጥሩ በምን እንደሚጀምር፣ ስንት አኃዝ እንደሆነና በየትኛው መስመር እንደሚወጣ። ብዙ ሳጥኖች «ማንኛውም አኃዝ» ለማለት የእንግሊዝኛዋን ኤክስ ፊደል ይጠቀማሉ፤ 09 ብለው ስምንት ኤክስ ከጻፉ በ09 የሚጀምር ባለ 10 አኃዝ ቁጥር ማለት ነው።

አንዳንድ ሳጥን ሠንጠረዡን ከላይ ወደ ታች እያነበበ የገጠመውን የመጀመሪያ ሕግ ይይዛል። ሌላው ሁሉንም አይቶ ረጅሙን መነሻ ይመርጣል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ባያውቁ እንኳ የተለየውን ከላይ፣ ጠቅላላውን ከታች ካደረጉ በሁለቱም ዓይነት ሳጥን በትክክል ይሠራል። 05811 ከ058 በላይ፣ 00 ከ0 በላይ ይቀመጥ።

ለአንድ የጎንደር ቤት መነሻ የሚሆን ሠንጠረዥ ይህን ይመስላል፦

991፣ 907፣ ባለ 3 አኃዝ — በመደበኛው መስመር፣ ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀነስበት
994፣ ባለ 3 አኃዝ — በኢትዮ ቴሌኮም ሲም
700፣ ባለ 3 አኃዝ — በሳፋሪኮም ሲም
00፣ ርዝመቱ ያልተወሰነ — ለውጭ ጥሪ በመረጡት መስመር
05811፣ ባለ 10 አኃዝ — በመደበኛው መስመር
09፣ ባለ 10 አኃዝ — በኢትዮ ቴሌኮም ሲም፣ ተለዋጩ (ዋናው ካልሠራ የሚወጣበት) መደበኛው መስመር
07፣ ባለ 10 አኃዝ — በሳፋሪኮም ሲም፣ ተለዋጩ የኢትዮ ቴሌኮም ሲም
0፣ ባለ 10 አኃዝ — የቀረው የመደበኛ ስልክ ሁሉ፤ 011 አዲስ አበባ፣ 033 ደሴ፣ 022 አዳማ እና ሌሎቹም፣ በስሌትዎ በረከሰው
የቀረው ማንኛውም — በመደበኛው መስመር

የፖሊሱ 991 እና የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 አናት ላይ የተቀመጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ለእነዚህ ዋጋ አይታሰብም። ሳጥኑ «9 ተደወለ፣ የሚቀጥለውን ልጠብቅ» እያለ ሰከንድ እንዳያባክን ርዝመታቸው 3 ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። የኩባንያዎቹ የደንበኛ አገልግሎት ቁጥሮች፣ 994 እና 700፣ ለየብቻ የተጻፉት ደግሞ የአንዱን ኩባንያ ሠራተኛ በሌላው መስመር ማግኘት ላይቻል ስለሚችል ነው።

ተጨማሪ የሚያስከፍሉ ባለ 4 አኃዝ የአገልግሎት ቁጥሮችን በዚሁ ሠንጠረዥ መዝጋት ይቻላል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ቢዘጉ ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው የቁጥሩ መነሻ የኩባንያውን ማንነት እስከነገረ ድረስ ነው። ደንበኞች ቁጥራቸውን እንደያዙ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው መዛወር ከጀመሩ 09 ማለት ኢትዮ ቴሌኮም፣ 07 ማለት ሳፋሪኮም መሆኑ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ብዙ የሚደወልላቸውን ሰዎች ሙሉ ቁጥር ከላይ ለየብቻ መጻፍ ይመጣል።

በጣት ፍጥነት ልክ

ሳጥኑ አንድ አኃዝ ከተጫነ በኋላ የሚቀጥለውን የሚጠብቅበት ጊዜ አለው። አጭር ከሆነ እናት መነጽራቸውን አስተካክለው ከደብተሩ ላይ የሚቀጥለውን እስኪያነቡ ድረስ ሳጥኑ ያልተጨረሰውን ቁጥር ይደውላል። አንድ ሰው ሲደውል አጠገቡ ቁጭ ብለው ያስተውሉ፤ 0፣ 9፣ 1፣ ከዚያ ረጅም ዕረፍት፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ አድርጎ ቀና ይላል፣ ከዚያ ሦስት አኃዝ በፍጥነት። ያ ረጅም ዕረፍት ስንት ሰከንድ እንደሆነ ይቁጠሩና ሁለት ሰከንድ ጨምረው በሳጥኑ ላይ ያስገቡ። ለአዛውንት ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ይስማማል።

ርዝመታቸው የታወቁት ባለ 10 አኃዝ ቁጥሮች በዚህ አይዘገዩም፤ አሥረኛው አኃዝ እንደተጫነ ጥሪው ይወጣል። የሚዘገየው የውጭ አገር ጥሪ ነው፤ የአገሮች ቁጥር ርዝመት ስለሚለያይ ሳጥኑ መጨረሻውን አያውቅም። በብዙ ሳጥን ላይ መጨረሻ ላይ የመሰላል ምልክቷን መጫን «ጨርሻለሁ» ማለት ነው።

ስልኩ የማስታወሻ ቁልፎች ካሉት ቁጥሮቹን በሙሉ 10 አኃዝ ያስገቡ፤ ከፊታቸው የመስመር መምረጫ ኮድ አይጨምሩ። ታሪፍ ሲለወጥ አንዱን ሠንጠረዥ ብቻ ያስተካክላሉ፤ ሃያ ቁልፍ ደግመው አይሞሉም። ለቤቱ ባለሙያ ግን የማስገደጃ ኮድ ይኑር፦ ኮከብ 1 በመደበኛው፣ ኮከብ 2 በመጀመሪያው ሲም፣ ኮከብ 3 በሁለተኛው። አንዱ መስመር ሲያስቸግር ሠንጠረዡን ሳይነኩ በሌላው ለመውጣት ያገለግላል።

ጥቅሉ ሲያልቅ

ተለዋጭ መስመር ስላስገቡ ብቻ እፎይ አይበሉ። ሲሙ ኔትወርክ ካጣ ወይም መስመሩ ከተያዘ ሳጥኑ ያውቃል፤ ወደ ተለዋጩ ይሄዳል። ሂሳብ ሲያልቅ ግን ኔትወርኩ «በቂ ሂሳብ የለዎትም» የሚል የተቀዳ ድምፅ ያሰማል። ለሳጥኑ ይህ ድምፅ እንደተነሳ ስልክ ሊቆጠርለት ስለሚችል ወደ ተለዋጩ ላይሄድ ይችላል። አዛውንቱ ግራ ገብቷቸው ስልኩን ይዘጋሉ።

የሚያዋጣው ሳጥኑ ራሱ ደቂቃ እንዲቆጥር ማድረግ ነው። ለእያንዳንዱ ሲም የወር ገደብ የሚያስገቡበት ቦታ ይፈልጉ። ጥቅሉ 200 ደቂቃ ከሆነ 190 ብለው ይጻፉ፤ ቀሪዋ አሥር በሳጥኑና በኩባንያው ቆጠራ መካከል ለሚኖረው ልዩነት ናት። ገደቡ ሲሞላ ሳጥኑ ያንን ሲም ትቶ በተለዋጩ ይወጣል። ቆጠራው ወደ ዜሮ የሚመለስበትን ቀንም ያስተካክሉ። ጥቅሉ ከተገዛበት ቀን አንሥቶ 30 ቀን የሚቆይ ከሆነና ሳጥኑ ደግሞ በፈረንጅ ወር መጀመሪያ የሚመልስ ከሆነ ሁለቱ በየወሩ ይራራቃሉ። ጥቅሉን በዚያው ቀን አካባቢ መግዛት፣ ወይም ሲያድሱ ቆጠራውን በእጅ መመለስ ያስፈልጋል።

በሲሙ ዋና ሂሳብ ላይ ብዙ ገንዘብ አያስቀምጡ። ጥቅሉ ሲያልቅ ጥሪው ከዋናው ሂሳብ በመደበኛው ዋጋ መቆረጡን ይቀጥላል፤ እጅግ ብዙ ገንዘብ ሳይታወቅ የሚሄደው በዚህ ነው። በተለይ በጥምቀት ሰሞን፣ እንግዳ በሚበዛበትና ከውጭ የመጣው ዘመድ ሁሉ በሚደዋወልበት ሳምንት፣ ጥቅሉ ከተለመደው ቀን ቀድሞ ያልቃል። ለዚያ ወር ገደቡን አስቀድመው ይከልሱ።

ውጭ አገር

የጎንደር ቤት ጥሪ እስራኤል፣ አሜሪካ፣ የዓረብ አገሮችና ሱዳን ይደርሳል። በወለቃ የነበሩ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ እስራኤል ናቸው፤ በመተማ በኩል የሚነግደው ሱዳን ይደውላል። ስለዚህ 00ን በአንድ ሕግ ከመጠቅለል በአገር ይክፈሉት፦ 00972 ለእስራኤል፣ 001 ለአሜሪካ፣ 00249 ለሱዳን፣ 00966 ለሳዑዲ ዓረቢያ፣ 00971 ለዱባይና ለሌሎቹ ኤምሬቶች። የውጭ ጥቅሎች ብዙ ጊዜ አገር እየለዩ ስለሚሸጡ ለእያንዳንዱ የሚረክሰው መስመር የተለያየ ሊሆን ይችላል። ዘመድ የሌለዎትን የቀረውን 00 ይዝጉት። አንድ ሰው ከማያውቁት አገር ሚስኮል አድርጎ ቤተሰቡ መልሶ ቢደውል ከሚመጣው ዕዳ ይጠብቃል።

ከውጭ ዘመድ ጋር ረዘም ላለ ወሬ ኢንተርኔት እንደሚረክስ ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ እንደነበር የሚረሳ የለም። በድምፅ ብቻ የሚወጣው መንገድ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ሰዓት

የሌሊት ጥቅል ካለዎት ሳጥኑ በሰዓት እየለየ መስመር እንዲመርጥ ማድረግ ይቻላል። የሳጥኑ ሰዓት ግን የፈረንጅ ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ማለት በሳጥኑ 22፡00 ነው፤ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ደግሞ 06፡00። የሰዓት ቀጠናውን ከግሪንዊች 3 ሰዓት ቀድሞ ያስገቡት። ሳጥኑ ሰዓቱን ከሲሙ ኔትወርክ የሚወስድ ከሆነ ያንን ያብሩ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ዜሮ የሚመለስ ሳጥን ላይ የሰዓት ሕግ ማስገባት ጥቅሙ ከጉዳቱ ያንሳል።

መፈተን

ሠንጠረዡን ሲጨርሱ ለእያንዳንዱ ሕግ አንድ ጥሪ ይደውሉ። ጥሪው በየትኛው መስመር እንደወጣ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ተቀባዩን «የማን ቁጥር ታየህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። በሲም የወጣ ጥሪ የሲሙን ቁጥር እንጂ የቤቱን 058 አያሳይም። ለዚህም ሲባል ሦስቱንም ቁጥሮች ለዘመዶች ሰጥተው በአንድ ስም እንዲመዘግቡ ያድርጉ፤ ካልሆነ «የማላውቀው ቁጥር ነው» ብለው የእናታቸውን ስልክ አያነሱም። መልሰው ሲደውሉም በማንኛውም መስመር የገባ ጥሪ የቤቱን ስልክ እንዲያስጮኽ በሳጥኑ ላይ መስተካከሉን ያረጋግጡ።

የገንዘቡን ፈተና ከጥሪው በፊትና በኋላ ሂሳብ በማየት ይሥሩ። የኢትዮ ቴሌኮም ሲም ከሆነ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ አድርገው በኮከብ 804 መሰላል ያያሉ። ከዋናው ሂሳብ የተቆረጠ ካለ ጥቅሉ ያንን ዓይነት ጥሪ አይሸፍንም ማለት ነው፤ ሕጉ ይለወጥ።

ሳጥን ለማያስፈልገው ቤት

ጥሪው ጥቂት ለሆነ ቤት ባለ ሁለት ሲም የእጅ ስልክ ይበቃል። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ሲሙን «ሁልጊዜ ጠይቀኝ» ላይ ካደረጉ፣ ለአንድ ሰው ሲደውሉ ሲም መርጠው «ለዚህ ሰው ሁልጊዜ ይህን ተጠቀም» የሚለውን ምልክት ማድረግ ይችላሉ። ለእናት አዘውትረው የሚደውሉላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ እንዲህ ካደረጉ በኋላ ስልኩ ዳግመኛ አይጠይቅም። ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲስ ሰው በተመዘገበ ቁጥር ግን አንድ ሰው ይህን ማድረግ አለበት፤ ሳጥኑ የሚበልጠው በዚህ ነው፤ ያልተመዘገበውንም ቁጥር በመነሻው ያውቀዋል።

ሳጥን ያስገባ ሁሉ ሠንጠረዡን በወረቀት ጽፎ፣ የተዘጋጀበትን ቀንና የእያንዳንዱን ጥቅል ማብቂያ ጨምሮ ከሳጥኑ ሥር ያስቀምጥ፤ የይለፍ ቃሉ ግን በሌላ ቦታ ይጻፍ። አንዱ ኩባንያ ታሪፍ ወይም ጥቅል በለወጠ ቁጥር ያንን ወረቀት አውጥተው ማካፈሏን እንደገና ይሥሩና የተለወጠውን መስመር ብቻ ያርሙ።